የቅጣት ፍልጥ

ቺሎኤ ደሴት ላይ ጃንጥላ አይያዝም፣
ነፋሱ ይሰብረዋል፤ ዝናቡም አያርፍም።
እኔ ኦርቴንሲያ፣ የመጻሕፍት ጠባቂ፣
የግማሽ ቀን ቅጥር፣ የግማሽ ቀን ናፋቂ።
በጀቱ ሲቆረጥ አብሬ ተቆረጥሁ፣
እስከ እኩለ ቀን ሠራተኛ ሆንሁ።
«ከዚያ ወዲያ ዝጊው» አለኝ የኮሌጁ ዲን፤
ተማሪው የሚመጣ ከምሳ በኋላ መሆኑን
አያውቅም አልልም። ያውቃል፣ አሳምሮ፤
እጁ ግን ታስሯል በሌላ ሰው ቋጠሮ።

የነርስ ተማሪዎች፣ ሞተር የሚያጠኑ፣
ከትንንሽ ደሴት ማለዳ የተጫኑ፣
የማታው ጀልባቸው መልሕቅ እስኪያነሣ
ደጄ ላይ ተረፉ፣ እንደ ገበያ ዓሣ።

መጀመሪያ የመጣው ሬሚሂዮ ኡዌንቹር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ትኬት ሲቆጥር
ጡረታ የወጣ። «ማኅተም መምታት አውቃለሁ፤
ቁልፉን ብቻ ስጭኝ፣ ከሰዓት እኔ አለሁ።»
ዛሬም «መልካም ጉዞ» ይላል መጽሐፍ ሲያስረክብ፤
ምላሱ አልወረደም ገና ከመርከብ።

ቀጥሎ ብርዱ መጣ። ማገዶ የሚል መስመር
በጀቱ ውስጥ ፈለግሁ ከጥግ እስከ ዳር፤
የለም።
ምድጃው ግን አለ፣ አፉን ከፍቶ።
ሰፈርተኛው ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ተስማምቶ
ደነገግን፦
መጽሐፍ ያዘገየ ሳንቲም አይከፍልም፣
አንድ ፍልጥ ያምጣ እንጂ፤ እርጥብ አንቀበልም።
እናቶች ሰምተው ሳቁ። ልጆቹ ግን፣ ከዝናብ ደብቀው፣
ፍልጡን አመጡ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ አሙቀው።
አንዳንዱም ሳይዘገይ ሁለት ይዞ ይመጣል፣
ገና ያልሠራውን ጥፋት ያስቀምጣል።

ኤዱቪና ካርካሞ መረብ ጠጋኝ ናት፣
ፊደል አልቆጠረችም፣ ጊዜም አልነበራት።
ማክሰኞ ማክሰኞ ወስፌና ሲባጎ ይዛ
ከጥግ ትቀመጣለች፣ ክምሩ ሲበዛ።
ጀርባው የተላቀቀ፣ ገጹ የረገፈ
በእሷ ቋጠሮ ታስሮ ክረምቱን አለፈ።

አንድ ቀን ጠራችኝ።
ወፍራሙን የነርሶች መጽሐፍ ጨምድዳ ዘግታ
ጠርዙን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገች።
ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ።
መሐሉ ላይ ግን ጣት ያጠቆረው ቀጭን መስመር፣
ባሕር ሸሽቶ የተወው ምልክት ይመስላል።
«ይህች ቦታ ምንድን ናት? እዚህ ጋ ይሰምጣሉ።
መረብም እንዲህ ነው፤
ከሥር ድንጋይ ካለ፣ የሚበጠሰው ሁሌ እዚያው ነው።»

ገለጥሁት። የመድኃኒት መጠን ስሌት፤
ሚሊ ግራም ለስንት ኪሎ፣ ጠብታ በደቂቃ።
የቀሩትንም ቅጂዎች ከመደርደሪያው አወረድን፤
ሁሉም እዚያችው ጋ ጠቁረዋል።
አሥራ አንድ ዓመት አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ አቧራ አራገፍሁ፤
ማንበብ የምችለው እኔ
ጠርዙን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ዶን ኤሊሴዎን ለመንነው፣ ጡረተኛውን የሂሳብ መምህር።
አንድ ጆሮው አይሰማም።
ሐሙስ ሐሙስ ከምድጃው ጎን ያችን ምዕራፍ ብቻ ያስተምራል፤
እየጮኸ።
«ጸጥታ» የሚለው ሰሌዳችን
ሐሙስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።
ኤዱቪናን፣ እንደ ውለታ፣ «ፊደል ላሳይሽ?» ብላት
«ማክሰኞዬን ልትነጥቂኝ?» አለች፣
ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

በሩ ላይ የተለጠፈው ዛሬም «እስከ እኩለ ቀን» ይላል።
አልነቀልነውም። ዝናቡ እየነቀለው ነው።

ባለፈው ዓርብ፣ ሊመሽ ሲል፣ ዲኑ ራሱ መጣ፤
ሁለት ዓመት ያቆየውን መጽሐፍ በአንድ እጁ፣
በሌላው ፍልጥ፣ ትልቅ፣ ከሱቅ የተገዛ።
ሬሚሂዮ ተቀብሎ መዘነው።
ጥፍሩን ሰካበት።
ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ ቆረቆረው፤
ተማሪው ሁሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
«እርጥብ ነው፣ ጌታዬ። ሲደርቅ ይምጡ።»
መጽሐፉን ግን ወሰደ። ማኅተሙን መታ።
«መልካም ጉዞ» አለው።