አረማመድ

ቦግ አለ መብራቱ፤ ቦግና ቆማለች፤
አንድ ብላ ጀምራ ስምንት ትቆጥራለች።
እኔ ከግራ ጠርዝ፣ ከኋላ ረድፍ ነኝ፤
ስሜን ገና አታውቅም፣ «ረጅሙ» ነው ’ምትለኝ።

ከተማችን ውጅ ነው፣ የፖላንድ የጥጥ አገር፣
ጭስ ማውጫው እንደ ዛፍ የበቀለበት ሰፈር።
አባቷ ዜኖን ከፋብሪካው ሆድ ውስጥ
ዕድሜውን ቆመበት፣ መወርወሪያ ሲሮጥ፤
አንድ ሌሊት ማሽኑ ቀኝ እግሩን ጎረሰው፣
ጉልበቱን አስቀርቶ የተረፈውን መለሰው።
ከዚያ ወዲያ ሲሄድ፦
ረገጥ፣ ጎተት፣ ቀጥ።
ጎረቤቱ ሁሉ በኮቴው ሲያውቀው፣
ልጁ አፍራ ሁለት ደጃፍ ቀድማ ነው የምትርቀው።

ሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ሸመነች፤
እኛን ድር አድርጋ ዜማውን ማግ አለች።
ለአንዲት ክንድ መታጠፍ ሦስት ሳምንት ትለፋለች።
መጋረጃው ሲወርድ የት ይገባል ያ ሁሉ?
ላብና የጫማ ጭረት ነው የሚቀር ከወለሉ፣
እሱንም ሲነጋ ትወለውለዋለች ጽዳቷ።
«የጤዛ ሸማኔ ነኝ» ትላለች፣ ጫማዋን ፈትታ።

ፊልሞቹ ሲጠሯት በብስክሌት ሄደች፤
እኔን ለረዳትነት ከኋላ አፈናጠጠች።
ካሜራ ጭፈራ አይወድም፤ ቁራጭ ነው የሚወድ፣
ክንድን ከትከሻ፣ ዓይንን ከፊት የሚጎርድ።
በመጀመሪያው ቀን አርታዒው መቀሱን አንስቶ
ስምንት ቆጠራዋን በሦስት አስቀረው ጎምዶ።
ወጥታ ቆየች። ተመለሰች፣ ዓይኗ ቀልቶ፦
«እንግዲያው ሦስቷን ተወኝ፤ እኔ እሞላታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ማንም ጭፈራ አላለውም፦
ባቡር ጣቢያ ላይ የአርባ ሰው መበተን፣
መበለቷ ብርጭቆ አስቀምጣ እጇን ስትሰበስብ፣
ሰካራሙ ከደረጃ ሲንከባለል፣
አሥራ አንድ ደረጃ፣ በአሥራ አንድ ቆጠራ።
ሰው አለቀሰበት፤ ሰው ሳቀበት።
ስሟ ከሾፌሮቹ ስም በታች፣ መጨረሻ ላይ፣
ሕዝቡ ካፖርቱን ሲደርብ ያልፋል፤
እናቴ እንኳ አንድ ቀን አላነበበችውም።

አንድ ክረምት ኦልጊየርድ የሚባል ተዋናይ
ከእስር የወጣ ሌባ ሆኖ ሊጫወት፣
አረማመድ ጠፋው። እንደ ሙሽራ ይሄዳል።
ዳይሬክተሩ ጮኸ፤ መብራቱ ጋለ።
ቦግና ጫማዋን አወለቀች፣
ረጅም ጊዜ ወለሉን አየች፣
ዜኖን ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣
ከዚያ ተነሥታ፦
ረገጥ፣ ጎተት፣ ቀጥ።
«ከየት አመጣሽው?» አላት።
«ከሰፈር» አለች፣ ሌላም አልጨመረች።

ፊልሙ ታየ፤ ረሳነው፤ ሌላ ሥራ መጣ።
በዓመቱ፣ በረዶ ላይ፣ የትራም ፌርማታ ቆመን፣
ሦስት ጎረምሶች፣ ኮሌታቸውን ያቆሙ፣
እግራቸው ሙሉ፣ ጉልበታቸው ሎሚ፣
እየተሳሳቁ በፊታችን አለፉ፦
ረገጥ፣ ጎተት፣ ቀጥ።
ፋሽን ሆኗል አሉ፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው።

ትስቃለች ብዬ ዘወር ብዬ አየኋት።
ከንፈሯ ይቆጥራል። ትራሙ መጣ፣ አልወጣችም።
ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ፣
ጎረምሶቹን ተከትላ ሄደች፣
ሁለት ደጃፍ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ።