ገመድ ጠቅላይ

ሹመቴን ብትጠይቁኝ፥ ጠቅላይ ነኝ፤ የገመድ።
ማናማ፥ ሁራ ሰፈር፥ ወደ ሆቴሉ ምድር ቤት ስወርድ
ስፒከር በትከሻዬ፥ ቴፕ በጥርሴ ነክሼ፥
ዘጠኙን ደረጃ አውቃለሁ በጨለማ ዳስሼ።

ባንዱ አራት ሰው ነው።
እንድሪስ፥ የሐይቅ ልጅ፥ ቀን ቀን ጣሪያ ላይ ነው፥
የሰው ቤት የሚያቀዘቅዝ፥ ፀሐይ የሚጠብሰው።
ጆጂ፥ የኬረላው፥ ድራም ሲመታ ከንፈሩ አያርፍም፥
ዕዳ እንደሚቆጥር ሰው፤ ቆጥሮም አይጨርስም።
ሮሜል ቤዝ ይጫወታል፥ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ፥
ዐይን አፋር ነው፤ የልቡን ጣቱ ይናገራል አብራርቶ።
ሽታዬ ትዘፍናለች።
ድምጿ ያለቀ ጎማ ነው፥ ጠጠር የለመደ፥
ሽቦው ብቅ ያለ፥ ግን ሳይፈነዳ ስንት አገር የሄደ።

ብሉዝ ነው ይሉታል፤ ሮክ ነው የሚለውም አልታጣ፤
እንድሪስ ግን ይስቃል፦ «ባቲ ነው፥ ናፍጣ የጠጣ!»

የመጀመሪያው ሰዓት ለባዶ ወንበር ነው።
አንድ መርከበኛ፥ ዐይኑ ስልኩ ላይ፥ ብርጭቆው ያላበው።
በሩ ላይ ዘበኛው፥ የኔፓሉ ባህዱር፥
ሥራ ላይ ነው፤ ጣቶቹን ጫማው ውስጥ ያስጨፍራል በስውር።

ከዚያ የዓርብ ልጆች ገቡ፥ ስድስት ሆነው፥
የዕረፍት ቀናቸውን እንደ ሳንቲም ሻሽ ጫፍ ላይ ቋጥረው።
አንድ ኮካ ለሁለት። አራት ሰዓት ላይ የየቤቱ በር ይዘጋል፤
ሰዓቱን የሚያውቀው አንገታቸው ነው፥ ደጋግሞ ወደ ውጭ ይዞራል።

ሦስተኛው ዜማ መሐል፥ ጥፋቱ የኔ ነው፥
ቴፕ ያልለጠፍኩበት ገመድ ነበር፤ እግሬ ጠለፈው፤
ቷ! አለ። ጨለመ።
ጊታር እንጨት ሆነ፤ ቤዝ ተለጎመ።
ጆጂ ብቻ ቀረ፤ ቆዳና እንጨት መብራት አይጠይቅ፥
ዕዳውን ይቆጥራል፥ ቀስ እያለ፥ ሳይለቅ።
ጭብጨባ ተነሣ፥ ከልጆቹ ጠረጴዛ፥
ክሎር የላጠው መዳፍ ድምፁ ደረቅ ነው፥ የማያዋዛ።
ሽታዬ ማይኩን ጣለች፤ ወረደች ራቁት ድምጿን ይዛ።

በስልክ መብራት መሐል ከአንዷ ፊት ቆመች፥
«ማነው ስምሽ?» ብላ በዜማ ጠየቀች።

ልጅቷ ዘገየች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ማያ» ናት፤
ረጅም ስም ለጥሪ አይመችም ብላ ማዳም ያወጣችላት።
«ይመኙሻል» አለች፥ ከጉሮሮዋ ሥር ፈልጋ፥
ሽታዬ ወረወረችው፥ ከጣሪያው እስኪላጋ።
ጠረጴዛው መለሰ። ታክሲ ነጂው መለሰ።
መርከበኛው ሞከረ፥ መሐል ላይ ሰበረው፥ ግን ጨረሰ።
ባህዱርም በሩን ትቶ በሙሉ ጫማው ደነሰ።

እኔ በዚያን ጊዜ ቆጣሪው ጋ ደርሻለሁ፥
ማብሪያውን በጣቴ፥ እንደ ምላጭ፥ ይዣለሁ።
አንዲት ግፊት ብቻ ነበረች።
አልገፋኋትም።
ሥራ አስኪያጁ ከላይ «ምን ሆናችሁ?» ሲል አልሰማሁትም።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ልጆቹ ሮጡ። ታክሲ፥ ቁልፍ፥ በር።
ግማሽ ኮካ ጠረጴዛው ላይ፥ ጋዙ ገና ሲፈላ ነበር።
ገመዱን ስጠቀልል፥ ክንዴ ላይ ዙር በዙር፥
እንድሪስ መጣ፥ «የዛሬውን…» አለ፥ ተወው፤ አልጨረሰም ነገር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሁሉንም ገመድ ወለሉ ላይ በቴፕ አሰርኩ፥
ከአንዷ በቀር።
እሷን ዝም ብዬ፥ ከእግሬ አጠገብ፥ ተውኩ።