ግራ ጎን

ሐኪሙ እርሳስ ሰጥቶ፣ «የፋሲልን ግንብ ሣል» አለው፤
አዛናው ሣቀ፣ ዕድሜውን በኖራ የለሰነው፣
ድንጋዩን አንድ በአንድ የሚያውቀው።

ሣለ። የቀኙ ማማ ከነእንቁላል ጉልላቱ፣
መስኮቱ፣ ደረጃው፣ ሰገነቱ፤
መሃል ላይ ቆመ እጁ፤ «አለቀ» አለ በኩራቱ።
ግማሹ ወረቀት ባዶ።

«ዓይኑስ ደህና ነው» አለኝ፣ «የተጎዳው ቀኝ አንጎሉ፤
ግራ የሚባል ወገን ጠፍቶበታል ከነአካሉ።»

እኔን ግራ ገባኝ፣ ከእሱ ግራ ወጣ።
ጢሙን በቀኝ ብቻ ላጭቶ ከጓዳ መጣ፤
«እንጉዳይ የት ቀረች?» ይላል
ክንዴ ክንዱን እየነካው።

ሃያ ዓመት ግራ ጎኑ ነበርኩ።
ማታ በርጩማዬን አነሣሁ፣ በጀርባው ዞርኩ፣
በቀኙ ተቀመጥኩ።

«መጣሽ?» አለኝ።
«አዘዞ ድረስ ነው እንዴ የሄድሽው?»