የዜሮ ባይት ሹም

ሹም አቦ ነው ሱቄ፤ ዝናቡ ቀጥሎ፣
አንማው ዲስክ አመጣ በፌስታል ጠቅልሎ፣
የጀልባ ማኅበሩ ሊሸጠው ነው ብሎ።

“ፎርማት ሆኖ እንኳን አንዱ ፎልደር ቀረ፤
ሲነኩት ይቆጣል እንደ ተደፈረ።”

ሰካሁት፣ ከፈትሁት፤ አገሩ ጭር ብሏል፤
ጥጉ ላይ አንድ ፎልደር “ዜሮ ባይት ነኝ” ይላል።
ላጥፋህ ስለው፦ “ፈቃድ ካስተዳዳሪ አምጣ።”
“እኔው ነኝ እኮ ሹሙ!” እያልሁ ስቆጣ
ዝም።

ይህን ፊት አውቃለሁ፤ ከቀበሌው መስኮት
“ነገ ና” እያለኝ ሦስት ሳምንት ያየሁት።

ባለቤትነቱን በትእዛዝ ቀማሁት፤
እንደ ምንም ብዬ ከሥሩ ነቀልሁት።
መልሼ ስሰካው፣ እንደ ጣናው እምቦጭ
ሰከንዱ ሳይሞላ ያው ቦታው ላይ ቁጭ!

አመሸሁ። ሻይ ጠጣሁ። ሌላ ዲስክ ሰካሁ፣
አዲስ፣ ካሽጉ የወጣ፤ እዚያም ላይ አገኘሁ።

ለካ ዲስኩን ከንቱ ሳማው ነው የዋልሁት፤
በገዛ ማሽኔ ነው ሹሙን የተከልሁት።

“ስንት ልክፈል?” አለኝ፤ “ዜሮ” ብለው ሳቀ፤
የጣና ነፋስ መጥቶ ቆርቆሮውን ነቀነቀ።
አንማው ዲስኩን ይዞ ወደ ወደብ ወርዷል፤
የሚገዛውም ሰው
የራሱን ሹም ይወልዳል።