ለሳቅ የሚሆን

ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣
ከፈትል ክፍሉ ጓሮ ካርቶን ላይ ስንቀመጥ፣
ጋሽ አረጋ መጡ፣ ደብተር በብብታቸው፣
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ጠቁሮ ፊታቸው።

«አምና ትዝታ ብለን ሰው ሁሉ አለቀሰ፣
ሥራ አስኪያጁ እንኳን መሐረብ ጨረሰ።
ዘንድሮ ይሳቅ!» አሉ። ሳይስቁ ነው ያሉት።
ጣታቸውን ልሰው ደብተሩን ገለጡት።

መጀመሪያ የመጣው የአማት ዘፈን ነበር፣
ምራቷን በቁልፍ ቀዳዳ የምትቆጣጠር።
ዘምዘም ሳቀች፣ ሳቀች፣ ድንገት ዝም አለች፤
«አማቴ» አለች «የፊት ወንበር ይዛለች።»

ቀጥሎ ስለ ቦርጭ፣ ባለቤቱን ጥሎ
ከበር ቀድሞ ስለሚገባ፤ ሙሄ ቀስ ብሎ
«ጭማሪ የጠየቅነው ማንን ነበር?» አለ።
ያም ገጽ ታጠፈ፤ ማንም ምንም አላለ።

የአህያዋስ ዘፈን? እሱማ ጠብ አመጣ፣
ለማናፋት ብቻ ስምንት እጅ ወጣ፣
ስንኙን የሚዘፍን አንድ ሰው ታጣ።

አራተኛው ላይ ግን ጋሽ አረጋ ዘለሉ፤
«ይሄ ይቅር» አሉ፣ «ቀለሙ ለቋል» አሉ።
ቀለሙ አልለቀቀም። ከጎናቸው ነበርኩ፣ አየሁት።
ስለ ተብታባ ነው። ሁላችንም እንድሪስን
ላለማየት ብለን ጣራውን ቆጠርን።

ለካስ የሚያስቅ መምረጥ ከሚያስለቅስ ይከብዳል፤
ለልቅሶ ማንም ይበቃል፣
ሳቅ ግን ባለቤት ይፈልጋል።

እንድሪስ፣ የእኛ ባስ፤ ሲዘፍን ቦርከና ነው፣ ነሐሴ ላይ፣ ሙሉ።
ሲያወራ የጥር ወንዝ፦
ድንጋይ፣ ኩሬ፣ ድንጋይ፣
ጸጥታ።

እጁን አነሳ። ጠበቅን።
«ባ... ባ... ባጃጅ» አለ።
ጠበቅን።
«ሐ... ሐረጎን ስትወጣ። ሞ... ሞተሯ እኔ ልሁን።»

ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው የተቆጣው፣
ቁጣው ውስጥ ገብቶ ቃሉ ሳይሰበር የወጣው፦
«ሃያ ዓመት እኔ ሳላፍር አፈራችሁልኝ፣
የገዛ አፌን ቀልድ እንኳን ቀማችሁኝ!»

ደብተሩ ተዘጋ። ዘፈኑን እዚያው ሠራን፦
ሶፕራኖዎቹ ዳገት፣ እየተጠመዘዙ፣
ዘምዘም አንዲት መንገደኛ፣ ዶሮዎቿ የበዙ፣
ቴነሮቹ ወርደን ከኋላ ገፋን፣
ሙሄ ሹፌር ሆኖ፣ መሪ ሳይሆን መሐላ ጨብጦ፣
«ወላሂ ትነሳለች!» ይላል አንገቱን አውጥቶ።

«ቅኝቱ ትዝታ ይሁን» አሉ ጋሽ አረጋ፣
«ቀልድ ጥቁር ሲለብስ ነው ከሰው የሚጠጋ።
ደግሞ የሚዘፍን አይስቅም፤ ሳቁ የእንግዳ ነው።»

እንድሪስ ጀመረ፦ ት... ት... ት... ትትት...
አስነሳት! ደግሞ ጠፋች። ደግሞ አስነሳት፣
መቼ እንደምትጠፋ እሱ ብቻ ያውቃል፣
ስንጠብቅ ያስነሳታል፣ ስንተማመን ያጠፋታል።
ዘምዘም ከነዶሮዋ መሬት ላይ ወደቀች።
ጋሽ አረጋ ዞሩ፣ ግድግዳውን ያዩ መስለው፣
ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው።

ሰባት ጊዜ ሞከርን፤ ሰባቴ
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቀረን።
ደሴ አልደረስንም እስካሁን።
በዓሉ እሑድ ነው።