ግራ ጥምዝ

ሰኔ መሐል ለመሐል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ጥላ እንኳ ግንብ ተጠግቶ ሲሸሽ ከፀሐይ እሳት፣
ከዚራ ካለ ግቢ ስልክ ተደወለልኝ፦
«ኤሲው ሩብ ሰዓት አይሠራም፣ ቷ! እያለ አስቸገረኝ፤
ብሬከሩ ሰንፏል መሰል፣ ሌላ ይዘህ ድረስልኝ።»

ደረስን፤ ሂቦ መሰላል ይዛ፣ ተለማማጄ፣
የሽቦው ጥቅል በትከሻዬ፣ ቴስተሩ በእጄ።

ቤቱ የሸምሱ ነው፤ ከገዛው ሦስት ዓመቱ፤
ጓዳ ተኝተዋል ባቡር ነጂው አባቱ፣
በጫማ ካርቶን ክዳን ደረታቸውን እያራገቡ።
ኤሲው ዝም ባለ ቁጥር፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣
«ሽንሌ ደረስን?» ይላሉ።
«ገና ነው ባባ» ይላል ሸምሱ፤ ብሬከሩን ሽቅብ ይገፋል፤
ባቡሩ ደግሞ ይነሳል።

ሐኪም ምላስ እንደሚያይ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ፦
«እንደተከፈተ ነው የሚጥል? ወይስ ቆይቶ? ንገረኝ።»
«ቆይቶ ነው።»
እሺ። ቆይቶ የሚቆጣ፣ ሰውም ሆነ ብሬከር፣
ሳይገፉት አይነሳም፤ የሚለው አለው ነገር።

ሂቦ ጣራ ላይ ወጣች፣ የውጩን ክፍል ፈታች፤
የደቻቱን አሸዋ በብሩሽ ጠርጋ አወጣች፣
የርግብ ላባ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ደርቆ የቀረ ገራባ።
አጠብነው። ከፈትነው። ብርድ ወደ ጓዳ ገባ።
ሽማግሌው «እፎይ» አሉ፤ ካርቶኑን አስቀመጡ።
አስራ አራት ደቂቃ።
ቷ!
«አዲጋላ ነው?» አሉ።

ሸምሱ ተናደደ፦ «ሠላሳ ሁለቱን አስገባና ልረፍ!»
«ብሬከር ጫማ አይደለም፣ ሲጠብ ቁጥር የሚለወጥለት።
ዘበኛህ ጮኸ ብለህ፣ ለሰፈርህ ሌሊት
ደንቆሮ ትቀጥራለህ?» አልኩት።

አምፔሩን ለካሁ፤ ዘጠኝ። ሃያ ለሚሸከም ትከሻ
ዘጠኝ ምኑ ነው? ሸክም አይደለም የዚህ ቁጣ መነሻ።
ዋናውን አጥፍቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፤
ከዓይኔ አፍንጫዬ ቀደመ፤ የተቃጠለ ላስቲክ።
ከብሬከሩ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ አጥሮ የተቀጠለ፣
ቴፑ እንደ አስፋልት ሬንጅ በሙቀት የቀለጠ፣
ጥቁር ሽቦ።
ለካ ጎረቤቱ ነው ያጋለው፣ ያቃጠለው ብሬከሩን።
ቴፑን ላጥኩት። አየሁ መዳቡን።

ወደ ግራ ተጠምዝዟል።

ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው ሽቦ የሚጠመዝዘው።
ወደ ግራ የሚያጠነጥን አንድ ሰው ነው እኔ የማውቀው፤
በግራ እየጎረሰ እናቱ ስትቆነጥጠው ያደገ፣
ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ በኢድ ዋዜማ፣ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣
አንድ ስንዝር ሽቦ አጥሮት፣ «ለጊዜው ይሁን» ያለ፣
«ነገ እመለሳለሁ» ያለ።

ግቢው ያኔ ቀለሙ ሌላ ነበር፣ ባለቤቱም ሌላ።
ሂቦ ሽቦውን አየች፤ ከዚያ እጄን፤ ከዚያ መሬት።

«ማን ነው እንዲህ የሠራው?» አለ ሸምሱ፤ «ይሄ ሌባ!»
አፌ ውስጥ አንድ ነገር ቷ ብሎ ወረደ፤
ጨለማ ሆነ ለአፍታ።
ቀስ ብዬ መልሼ አነሳሁት፦
«እኔ ነኝ።»

ዝም አለ። ላቡን ጠረገ። ቀና ብሎ አየኝ።
«እንግዲያ የዛሬውን አልከፍልህም» አለኝ።

አዲስ ሽቦ ሳብን፣ ሳይቀጠል፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ብሬከሩንም ቀየርኩት፣ ያው በሃያው፤ የሱ ጥፋት ባይኖር
ተቃጥሏልና በኔ።
ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ። አንድ ሰዓት።
ከጓዳ ድምፅ ጠፋ፤ ሸምሱ ደንግጦ ገባ።
ሽማግሌው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፦
«ዛሬስ አልቆመም» አሉ፤ «ባሕሩ ሸተተኝ።»

ባጃጅ ውስጥ፣ ወደ ሳቢያን ስንመለስ፣
ሂቦ ቁራጭ ሽቦ ይዛ ትጠመዝዛለች፤
ቀኝ እጇ ነው፤ ግን ወደ ግራ፣ ከኔ እንደተማረች።
አየችው። ፈታችው። እንደገና ጀመረች።

«ያን ዓመት ስንት ቤት ሠራህ?» አለች።

መሽቷል፤ በየመስኮቱ ኤሲው ያጉረመርማል።
በግራ እጄ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በቀኝ።
ጣት አነሰኝ።