የግሱ ባለቤት

እንደምን አመሻችሁ። ያን መስኮት ዝጉልኝ፤
ቦራ ተነሥቷል ዛሬ፣ ወረቀቴን እንዳይነጥቀኝ።
ትሪየስቴ እንዲህ ናት፤ ድሮ ነፋስ ሲያይልባት
በየጠርዙ ገመድ ይወጥሩ ነበር፣ ሰው ተይዞ እንዲያልፍባት።
ልቦለዴን የጀመርኩት ከዚያ ነው፣ ከገመዱ፤
ማን ይዞ እንደ ተሻገረ፣ ማን እንደ ለቀቀ በመንገዱ።

የመደብሩ ባለቤት፣ ሲኞራ ኮሱታ፣ «ሰዎችሽን አስተዋውቂን» አሉ።
እሺ። ግን አይታዘዙኝም፤ ስጠራቸው አቤት አይሉ።

መጀመሪያ ኤቶሬ፤ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው በላይ ኖረ።
የከተማውን ሕዝብ በአናቱ ነው የሚያውቀው፣
በመላጣው፣ በባርኔጣው፣ በቀለም በደበቀው።
ጡረታ ወጥቶ ሲወርድ ፊት ማንበብ አቃተው፤
ሚስቱን ከደጅ አግኝቶ «ጎንበስ በይልኝ» አላት፣ በአናቷ ሊያጣራው።
(እዚህ ጋ ሰው ይስቃል። ስጽፈው ግን አልቅሻለሁ፤
ምክንያቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ገና እየፈለግሁ አለሁ።)

ጎረቤቱ ድራጊጻ፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣
ከሞቱ ሰዎች ሸሚዝ ቁልፍ በጥሳ ሰብሳቢ፤
ለሚተነፍስ ትሰፋዋለች። ሌባ ናት? እኔ እንጃ።
ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ዳኛ
የሟች ቁልፍ ደረቱ ላይ ቆልፎ ይቀመጣል፣ ሳያውቅ።

አሁን እታፈራሁ።
ውሃ አለ? አመሰግናለሁ።
ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን አትጠይቁኝ።
የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት፤ አፏን ለሰው የምታከራይ፣
በሰዓት አሥራ ስምንት ዩሮ፣ የአውቶቡሱ ከራሷ ላይ።
አንድ ቀን አንድ ልጅ መጣ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፤
ዳኛው «ወንድምህስ?» ቢለው፣ «ባሕር ላይ ጣልኩት» አለ።

ጣልኩት።

እዚህ አማርኛ የምትሰሙ፣ እጃችሁን አሳዩኝ እስቲ፤
አንድ... ሁለት... ከኋላ ደግሞ ጓንት ያላወለቀች አንዲት።
ፍረዱኝ። ጣልኩት ማለት ከእጄ አመለጠኝ ይሆናል፤
ትቼው መጣሁ ይሆናል፤ ገፍቼ ከጀልባ አወረድኩት ይሆናል።
ሳንቲም ይጣላል፣ ዕጣ ይጣላል፣
መሠረትም ይጣላል፤
ወዳጅ ከወዳጁ ሲጣላ፣ እሱም ከዚሁ ፊደል ይጻፋል።

ዳኛው እስክሪብቶ አንሥቶ አንድ ቃል ይጠብቃል፤
የሟቹ ቁልፍ ደረቱ ላይ ያበራል።
እታፈራሁ ምራቋን ዋጠች። «ጠፋበት» አለች። ጠፋበት።
ልጁ ወረቀት አገኘ። እሷ ግን ቋንቋው ጠፋባት።
ከዚያ ወዲያ ሦስት መቶ ገጽ ግሱን ይዛ ትዞራለች፣
ባለቤቱን ፍለጋ ደጅ ለደጅ ታንኳኳለች።

ጭብጥሽ ምንድነው ሲሉኝ፣ ስደት የምል ይመስላቸዋል፤
ጋዜጦቹም እንዲያ ጽፈዋል።
አይደለም። ሰዋስው ነው። ግሱ ተፈጽሟል፣
ባለቤቱ ግን አልተገኘም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሜዳ ላይ ቆሟል።

«ሁሉም የፈጠራ ናቸው» ብዬ መግቢያው ላይ ጽፌአለሁ።
ኤቶሬን ፈጥሬዋለሁ፤ ድራጊጻን ፈጥሬያታለሁ፤
እታፈራሁን...

ይቅርታ፣ ከኋላ እጅ ወጥቷል። ጓንቷን አሁን አወለቀች።
«ገጽ መቶ አርባ ላይ» አለች፣ ከወንበሯም አልተነሣች፣
«ኮቴ ግራጫ አልነበረም። የደረቀ ቅጠል ይመስል ነበር።
ያንቺ ኮት ነው፤ ኡዲኔ ጣቢያ አለበስሽኝ፣ ባቡሩ ሊነሣ ሲል፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ግርግር።
በዘጠኝ ሰዓቱ እመለሳለሁ አልሽ።
እኔንስ?
ጣልሽኝ? ወይስ ጠፋሁብሽ?»

ስድስት ዓመት ነው ያላየኋት። ፀጉሯን ተቆርጣለች።
አዳራሹ ዞሮ ያያታል፤ የገባው የለም፣ ምን እንዳለች።
ሲኞራ ኮሱታ ፈገግ ብለው ማይክራፎኑን ወደ እኔ ገፉ፤
«ምን አለች? ይተርጎምልን» አሉ፣ ሊጽፉ እየተሰለፉ
እስክሪብቶዎች ሁሉ ቀና ሲሉ፣ አየሁ።

አንድ ቃል ነው።
ምራቄን ዋጥኩ።